ደቂቃውን ሙሉ መቁጠር፦ ደሴ ላይ ነርሲንግ ለምትማሩ፣ ከክፍል እስከ ሕመምተኛው አልጋ

ተማሪ ሆኜ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የአሥራ ስድስት ሕመምተኞችን ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ሙቀት፣ ውሰጂ ተባልኩ። አሥራ አራተኛው አልጋ ላይ ስደርስ ደክሞኝ ነበር። የተኙት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ቻርታቸው ላይ ጠዋት የተጻፈው የትንፋሽ ቁጥር 20 ነበር። እኔም ሳልቆጥር 20 ብዬ ገለበጥኩት። ከኋላዬ የመጡ አንጋፋ ሲስተር ጋቢውን ገለጥ አድርገው፣ ሰዓታቸውን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሙ። 36 ነበር። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ሽማግሌው ተረፉ። ሲስተር አልጮኹብኝም። «ይሄን 20 ከየት አመጣሽው?» ብቻ ነው ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ ተማሪዎች እኔ ዘንድ ሲመጡ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ያልቆጠራችሁትን አትጻፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ የሚነሳ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

ደሴ ላይ ነርስ ለመሆን ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምራል። ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃ ያሠለጥናል። የግል ኮሌጆችም አሉ። የትም ግቡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዕውቅናው ለነርሲንግ፣ ለምትማሩበት ደረጃ እና ለምትማሩበት ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን በወረቀት እዩ። «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቅናው የሌላ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምዱ የት እንደሚሆን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትወጡ፣ ዋርድ ላይ የሚቆጣጠራችሁ አስተማሪ ስለመኖሩ ጠይቁ። በደረጃ የሚሠለጥን ተማሪ መጨረሻ ላይ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቀዋል፤ ምዘናው ደግሞ በጽሑፍም በተግባርም ነው። ዋርድ በቅጡ ያልወጣ ተማሪ ያን ቀን እጁ ይከዳዋል።

ክፍል ውስጥ

አናቶሚ ብዙዎችን የሚያስለቅሰው ለፈተና ብቻ ስለሚጠና ነው። እያንዳንዱን ትምህርት «ይህ አልጋ አጠገብ የት ያገኘኛል?» ብላችሁ አጥኑት። የሳያቲክ ነርቭ መንገድ በመጽሐፍ ላይ አንድ መስመር ነው። መቀመጫ ላይ መርፌ ስትወጉ ግን ያ መስመር የአንድ ሰው እግር ነው። መቀመጫውን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ከፍላችሁ ላይኛውንና ወደ ውጭ ያለውን ሩብ የምትመርጡት ነርቩን ለመሸሽ ነው። ሕፃን ላይ ደግሞ መቀመጫውን ትታችሁ የጭኑን የፊትና የውጭ ጡንቻ የምትይዙት፣ የመቀመጫ ጡንቻው ገና ስላልዳበረ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ቦታውን አይረሳም።

ሌላው መሰናክል ቋንቋ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ሕመምተኛው ደግሞ በራሱ አፍ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ደብተራችሁን በሁለት ክፈሉ፤ በአንዱ በኩል የመጽሐፉን ቃል፣ በሌላው ሰው የሚለውን ጻፉ። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ የልብ ሕመምም ልክ እንደዚያ ሊጀምር ይችላል። «እስቲ ያመመዎት ቦታ ላይ እጅዎን ያድርጉልኝ» ካላችሁ ብዙው ነገር ይገለጣል። ቁርጥማት፣ ቁርጠት፣ ውጋት፣ ምች፣ «ብርድ ብርድ ይለኛል» የሚሉትን አንድ በአንድ ጻፏቸው። ደሴ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ከከተማው ብቻ አይደለም፤ ከከሚሴና ከባቲ፣ ከአፋር በኩልም ይመጣል። በኦሮምኛና በአፋርኛ «የት ያምዎታል?»፣ «መቼ ጀመረዎት?»፣ «ወደ ጎን ይዙሩልኝ» የሚሉትን ከቋንቋው ተናጋሪ ጓደኛችሁ ተማሩ። ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር የማይተናነስ ጥቅም ታገኙበታላችሁ።

ስሌት ላይ አትቀልዱ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የጠብታ ስሌት ይህ ነው፦ የሚሰጠው መጠን በሚሊ ሊትር፣ በሴቱ (ፈሳሹን በሚያስገባው ቱቦ) ላይ በተጻፈው የጠብታ ቁጥር ተባዝቶ፣ በሚፈጅበት ጊዜ በደቂቃ ይካፈላል። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘና ሴቱ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1,000 × 20 = 20,000፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ሲካፈል 42 ጠብታ በደቂቃ ገደማ ይመጣል። ለሕፃናት በሚውለው ማይክሮድሪፕ 1 ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ሴቱ ሳይነበብ ስሌት አይጀመርም።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። 2 ሚሊ ሊትር አምፑል ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን ካለ፣ 1 ሚሊ ሊትሩ 40 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለአንድ ልጅ 60 ሚሊ ግራም ከታዘዘ የምትስቡት 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። የነጥቧ ቦታ ብትሳሳት ልጁ አሥር እጥፍ ይወስዳል። እኔ እስከዛሬ የልጅ መድኃኒት ስቀዳ አጠገቤ ያለውን ሰው «እስቲ አንተም አስላው» እላለሁ፤ ሁለታችንም አንድ ቁጥር ላይ ካልደረስን መርፌው አይነሳም።

ዲሞንስትሬሽን ክፍል

ብዙ ተማሪ እዚህ የተግባር መለማመጃ ክፍል ተሰልፎ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ ፈርሞ ይወጣል። ሦስት ሆናችሁ ተለማመዱ፦ አንዱ ሕመምተኛ ይሁን፣ አንዱ ይሥራ፣ ሦስተኛው ቼክሊስቱን ይዞ ያንብብ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ሕመምተኛ ሆናችሁ መተኛታችሁ በራሱ ትምህርት ነው፤ ክንዳችሁ ላይ የግፊት መለኪያው ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማ፣ ማንም ሳያናግራችሁ ብርድ ልብስ ሲገለጥባችሁ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እየሠራችሁ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «እጄን ታጥቤያለሁ። ስማቸውን ጠይቄያለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ።» አፍ የዘለለውን እጅም ይዘለዋል። በሳሙና እጅ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በሰዓት ያዙት፣ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው።

በረኪና መበጥበጥም እዚሁ ይለመድ። 5 በመቶ የሚል ጠርሙስ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል። ያገለገለ ዕቃ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍበታል። ከዚያ በላይ ቢቆይ ብረቱን ይበላዋል። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ «አንድ ለዘጠኝ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ ሁሉም በረኪና 5 በመቶ አይደለም።

ዕቃውን እንደ ዐይናችሁ ብሌን ጠብቁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ መሣሪያው ተወስዶና ተሰባብሮ አገልግሎት አቋርጦ ነበር። አንድ የግፊት መለኪያ በዋርዱ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የዚህ ከተማ ነርስ ያውቀዋል። የወሰዳችሁትን ቆጥራችሁ መልሱ።

ቫይታል ሳይን፣ በደሴ ብርድ

ይህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው ቀላል ስለሚመስል ነው የሚበላሸው።

ትንፋሽ። ሕመምተኛው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህ የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምቱን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ እጁን አትልቀቁ፤ እንደያዛችሁ ዐይናችሁን ወደ ደረቱ መልሱና 60 ሴኮንድ ሙሉ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ስህተቱንም በአራት ያባዛዋል። አዋቂ ሰው ዐርፎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ልጅ ላይ ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው እንደ ዕድሜው ነው፦ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ። የሚያለቅስ ልጅ አይቆጠርም፤ እናቱ ጡት አጥብታው ወይም አባብላው ሲረጋ ነው። ደሴ ሰው ተደራርቦ ነው የሚለብሰው፤ ሹራብ፣ ካፖርት፣ ከላይ ጋቢ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ገለጥ አድርጉት፤ በጋቢ ላይ ትንፋሽ አይታይም። ሲበቃችሁ መልሳችሁ አልብሷቸው።

የደም ግፊት። ሰውየው 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይረፍ። ከዚያ ጠይቁ፦ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥተዋል? ጫትስ ቅመዋል? ሁለቱም ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አስታማሚ ፔርሙዝ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ጥያቄውን እንደ ቁጣ አታቅርቡት፣ «ቁጥሩ እንዳያሳስተን ነው» በሉ። የሹራብ እጅጌ ላይ ማሰር አይቻልም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንድ ማነቅም ያው ስህተት ነው፤ እጃቸውን ያውጡ። ማሰሪያው ከክርን እጥፋት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ክንዱ በልብ ትይዩ ተደግፎ ይቀመጥ። የአንጓውን ምት በጣታችሁ ይዛችሁ ንፉ፤ ምቱ ከጠፋበት ቁጥር ላይ 30 ጨምራችሁ፣ በስቴቶስኮፕ እያዳመጣችሁ በሴኮንድ 2 ወይም 3 ቁጥር ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ካልሰማችሁ «አልሰማሁም» ማለት ነውር አይደለም። አየሩን ጨርሳችሁ አውጥታችሁ፣ ጥቂት ጠብቃችሁ ድገሙት።

ኦክስጅን። ጣት ላይ የምትደረገው መለኪያ ሞቃት ጣት ትፈልጋለች። በሐምሌ ጉም እጁ የቀዘቀዘ ሰው ላይ ብትሰኳት ወይ ምንም አታነብም ወይ ትዋሻለች። እጁን በእጃችሁ አሙቁት። የጥፍር ቀለም ካለ ሌላ ጣት ፈልጉ። ወሎ ውስጥ ብዙ እናቶች ሂና ይሞቃሉ፤ በተለይ የጠቆረ ሂና ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል የጆሮ ጫፍ ወይም ያልተቀባ ጣት ይሻላል። ጥፍሯን ተጭናችሁ የደም ዝውውር ለማየት ስትሞክሩም ያው ሂና ይጋርዳችኋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ቁጥሩ ቆላ ከሚለካው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ሰበብ አድርጋችሁ ግን ዝቅ ያለ ቁጥር እንዳታልፉ፤ ሰውየውን እዩት፣ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ለተረኛው ነርስ ንገሩ።

ሙቀት። ብብቱን አድርቁ፣ ዲጂታሉ እስኪጮህ ጠብቁ፣ በአልኮል ጥረጉ። የብብት ሙቀት ከአፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ከየት እንደለካችሁ ጻፉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ከኮምቦልቻ፣ ከቃሉ ወይም ከዚያ በታች ካለው ቆላ የመጣ ከሆነ የወባ ምርመራ እንዳይዘነጋ አስታውሱ።

ዋርድ ከመውጣታችሁ በፊት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በአንድ ወር፣ ሦስተኛው በስድስት ወር ይሰጣል። ስለዚህ ቀድሞ ያልጀመረ ተማሪ ዋርድ ሲወጣ ገና አልተጠበቀም። ኮሌጁ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ።

ቦርሳችሁ ውስጥ የሴኮንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ትንሽ የኪስ ደብተር፣ ሎግቡክ (የተግባር ልምምድ መዝገብ)፣ መቀስ፣ ስቴቶስኮፕና ምሳችሁ ይኑር። ስልክ እንደ ሰዓት መጠቀም አልመክርም፤ ሕመምተኛው ፎቶ የምታነሱት ይመስለዋል፣ ስልኩም ከአልጋ አልጋ ጀርም ያዞራል። ጋዋኑ ሥር ሹራብ ልበሱ እንጂ እጅጌው ከክርን በላይ ይሰብሰብ። ጫማ የተሸፈነ ይሁን። ቀለበትና ረጅም ጥፍር ቤት ይቅሩ። ከኮምቦልቻ እየተመላለሳችሁ የምትማሩ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ሚኒባሱ ይንቀራፈፋል። የጠዋቱ የተረኞች ርክክብ ካመለጣችሁ ቀኑን ሙሉ ስለማታውቁት ሰው ነው የምትሠሩት። በማለዳ ውጡ።

የመጀመሪያው ጠዋት

ርክክቡን ቆማችሁ ስሙ፣ ጻፉ። ከዚያ መርፌ አትፈልጉ። አንድ ሕመምተኛ ይሰጣችሁና ወይም ራሳችሁ ጠይቃችሁ ያዙና፣ አልጋቸው አጠገብ ቁሙ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ ስለዚህ በልባችሁ ጠይቁ፦ እንዴት ነው የተኙት? ቀና ብለው ነው የሚተነፍሱት? ከንፈራቸው ምን ይመስላል? የሽንት ከረጢቱ ሞልቷል? ግሉኮሱ ይወርዳል ወይስ ቆሟል? የመጣላቸው ምግብ ተበልቷል? አምስት ደቂቃ ማየት ከአንድ ገጽ ቻርት ይበልጣል። ቻርቱን ከዚያ በኋላ አንብቡ።

ስትናገሩ እንደ ቤታችሁ ሰው ነው። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ዛሬ ከሲስተር ጋር ሆኜ እኔ ነኝ የምከታተልዎት። ግፊትዎን ልለካዎት፣ ይፈቅዱልኛል?» ተማሪ መሆናችሁን አትደብቁ። እምቢ ካሉ መብታቸው ነው፤ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ሐጂ ይሁኑ አባ፣ ሰው በሚጠራበት ማዕረግ ጥሩት፤ «አልጋ ሰባት» የሚለው ቃል በሕመምተኛው ጆሮ አይባል። የሕመምተኛውን እምነት ሳታውቁ ልታጽናኑ ስትሹ «ይማርዎት» ማለት ለሁሉም ይሆናል። «አብሽሩ»ም እንደዚያው፤ ወሎ ውስጥ ይህን ቃል በትክክለኛው ሰዓት ያለ ነርስ ግማሽ ሥራውን ሠርቷል።

ወንድ ተማሪዎች፣ የሴት ሕመምተኛ ገላ የሚገለጥበት ሥራ ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሴት ባልደረባ አብራችሁ ትቁም፣ መጋረጃ ይሳብ። ሴት ተማሪዎችም ለወንድ ሕመምተኛ እንዲሁ። ይህ እኛ አገር ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የተሸማቀቀ ሰው ሕመሙን ይደብቃል።

አስታማሚውን አትግፉት። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፣ አለበለዚያ ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላል። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ያለው ልጁ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። አንድ ጊዜ አብራችሁ ገልብጡት፣ ሁለተኛውን እሱ ሲሠራ እዩት፣ ከዚያ ሰዓቱን ንገሩት።

ከዋርዱ የምትወጡት ወሬ ይዛችሁ አይሁን። ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ «ዛሬ አንዲት ልጅ ገብታ...» ብላችሁ ስትጀምሩ ከኋላችሁ የተቀመጠው አጎቷ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትና ደም ሥር

ማንኛውንም መድኃኒት የምትሰጡት ተቆጣጣሪያችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ነው። ከመደርደሪያ ስታነሱ፣ ስትቀዱና ሕመምተኛው አጠገብ ስትደርሱ፣ ሦስት ጊዜ መለያውን አንብቡ። ስምን «ከበደ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ለማንኛውም ስም «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉ፣ ከካርዱ ጋር አስተያዩ። መድኃኒት ከዚህ በፊት አስቸግሯቸው እንደሆነ ጠይቁ። ሴፍትሪያክሶንን ከሪንገር ላክቴት ጋር በአንድ መስመር አትቀላቅሉ፤ ሪንገር ካልሲየም አለበት፣ ይረጋል።

ሕመምተኛ ሲወጣ የምትሰጡት ምክር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «በየ8 ሰዓቱ ይውሰዱ» ስትሏቸው «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» ብለው የሚሰሙ አሉ፤ በቀን አንዴ ይወስዱና ሳይድኑ ይመለሳሉ። ይልቅ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» በሉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይ በመሳል ወይም በአዛኑ ሰዓት አስታውሷቸው። ከዚያ መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። በረመዳን የሚጾም ሰው ካለ መድኃኒቱ በኢፍጣርና በሱሑር መሆን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ ሰዓት አትለውጡ። «ጾም ይፍቱ» ብሎ መጫንም የተማሪ ሥራ አይደለም።

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስትጀምሩ ከእጅ ጀርባ ወደ ላይ ነው፤ ከታች የተበላሸ ደም ሥር ላይኛውን አይጎዳም፣ ከላይ የተበላሸ ግን ታችኛውን ከንቱ ያደርጋል። በብርድ የተሸሸገ ደም ሥር በሞቀ ፎጣና እጅን ወደ ታች በማንጠልጠል ይወጣል። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይለፍ። አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ቦታውን ዳግም በጣት አትንኩ። ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይወፍራል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልገባ አቁሙና ሌላ ሰው ጥሩ። ሦስተኛው ሙከራ ለእናንተ ልምምድ ነው፣ ለእሱ ግን ስቃይ።

የወጋችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸግ። ከተወጋችሁ ደሙን ለማውጣት አትጭመቁት፤ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ወዲያው ለኃላፊው ንገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ግፋ ቢል በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። «አስተማሪዬ ይቆጣኛል» ብሎ የደበቀ ተማሪ አውቃለሁ፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ ሳይተኛ ነው የነገረኝ። ማንም አልተቆጣውም፤ ሰዓቱ ግን ሊያልፍበት ጥቂት ነበር የቀረው።

በየክፍሉ ስትዞሩ

ማዋለጃ ክፍል የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ነው፤ የጽንሱን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ቁጠሩ፣ ነጥቡን በሰዓቱ አኑሩ። ሁሉንም ነጥብ ከወሊድ በኋላ ተቀምጦ መሙላት የኔ 20 ወንድም ነው። ሕፃናት ክፍል የልጁን ክብደት ራሳችሁ መዝኑ፣ እናትን አትጠይቁ። ደም እየተሰጠው ካለ ሰው አጠገብ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አትለዩ።

ቦሩ ሜዳ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ በደስታ ሂዱ። ሆስፒታሉ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። እዚያ የምትማሩት አንድ ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም፦ ስሜት የጠፋበት እግር አይጮኽም። እሳት አጠገብ ቢቃጠል፣ ጠጠር ጫማ ውስጥ ቢገባ ባለቤቱ አያውቅም። እግራቸውን በየቀኑ በዐይን እንዲያዩ ማስተማር፣ ለብ ያለውን ውሃ በክርን መለካት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይሸሹ መጨበጥ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይም ያው ትምህርት ይሠራል።

ሞትም ይገጥማችኋል። ቤተሰብን የሚያረዳው ሐኪሙ ወይም ኃላፊዋ ነርስ ናት እንጂ ተማሪ አይደለም። የእናንተ ሥራ መጋረጃውን መሳብ፣ አስከሬኑን በክብር ማስተካከል፣ አጠገብ ያሉት ሕመምተኞች እንዳይደነግጡ መከታተል ነው። የሙስሊም ቤተሰብ ቶሎ መቅበር ስለሚፈልግ ወረቀቱ እንዳይጓተት አስታውሱ። ያን ቀን ካለቀሳችሁ አልቅሱ፤ ከዚያ ለአንድ የምታምኑት ሰው ተናገሩት።

ርክክብና ሎግቡክ

አሳሳቢ ነገር ስታዩ «ሲስተር፣ አልጋ ሰባት ደህና አይደሉም» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «በሳንባ ምች የገቡት የስልሳ ዓመቱ አባት፣ ጠዋት ትንፋሻቸው 24 ነበር፣ አሁን 34 ሆኗል፤ ኦክስጅናቸው 85 ነው፤ አሁኑኑ ይዩልኝ።» ማን፣ ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ምን ትፈልጋላችሁ። ከዚያ እስኪመጡ አጠገባቸው ቁሙ።

ቻርት ላይ የሠራችሁትን ሠርታችሁ ወዲያው ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ፈርሙ፣ ትክክለኛውን ጻፉ፤ ፍሉድ አትቀቡ። ሎግቡክም እንደዚያው ነው። የተመለከታችሁትን «ተመለከትኩ»፣ የረዳችሁትን «ረዳሁ»፣ ራሳችሁ የሠራችሁትን ብቻ «ሠራሁ» በሉ። የመጨረሻው ሳምንት ፊርማ ለመሰብሰብ መሯሯጥ ሁሉም ኮሌጅ ውስጥ አለ፤ እኔ ዘንድ ያልሠራውን ሊያስፈርም የሚመጣ ተማሪ ፊርማ አያገኝም፣ ግን አልጋ አጠገብ ወስጄ አሠራዋለሁ።

ለሲኦሲ ስትዘጋጁ አዲስ ነገር አትጀምሩ። በሦስት ሆናችሁ ወደ ዲሞንስትሬሽን ክፍሉ ተመለሱ፣ ቼክሊስቱን ይዛችሁ ጮክ እያላችሁ ሥሩ። በምዘናው ቀን ብዙ ሰው የሚወድቀው ከባዱን ሥራ አቅቶት አይደለም፤ እጅ ሳይታጠብ ጀምሮ፣ ስም ሳይጠይቅ አልፎ፣ መርፌ መልሶ ከድኖ ነው። ሰዓታችሁን እሰሩ። ትንፋሽ ቁጠሩ ስትባሉ ቁሙና ቁጠሩ፤ መዛኙ ራሱ «በቃ» እስካላላችሁ ድረስ ደቂቃውን ጨርሱት።